ፋኑ ጽሑፍ ስጽፍም ይጮኻል፣ ጌም ስጫወትማ አይጣል ነው! ከየት ልጀምር?

ማታ_ማታ
ሰላም ለሁላችሁም። ላፕቶፔ 3 ዓመት ሆኖታል። 15.6 ኢንች ነው፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው። አዲስ እያለ ድምፁ አይሰማም ነበር። አሁን ግን ሁለት ነገር አስቸግሮኛል።

አንደኛው፣ ምንም ከባድ ሥራ ሳልሠራ ፋኑ ይነሳል። ጽሑፍ እየጻፍኩ፣ ብራውዘር ላይ አሥር ምናምን ታብ ከፍቼ እያለሁ በየሁለት ደቂቃው ሽው ይልና ዝም ይላል። እንደገና ሽው። ዝም ብሎ አንድ ዓይነት ድምፅ ቢያሰማ እለምደው ነበር። ሐሳቤን የሚበታትነው ይሄ መነሳትና መውደቁ ነው።

ሁለተኛው ጌም ላይ ነው። 15 ደቂቃ ከተጫወትኩ በኋላ ኪቦርዱ ከላይ በኩል ጣት አያስነካም። ድምፁ ኢርፎን አድርጌ እንኳን ይሰማኛል። ከዚያ ጌሙ መንቀራፈፍ ይጀምራል።

ከሥር ፋን ያለው ማስቀመጫ ልግዛ? ፔስት (በቺፑና በማቀዝቀዣው መዳብ መሃል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ላስቀይር? ወይስ ዕድሜው አልቋል? ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የእናንተን ሐሳብ ልስማ ብዬ ነው።

ብሎን_ፈቺ
ሰላም ወንድሜ። ላፕቶፕ መጠገን ሥራዬ ነው። ምንም ነገር አትግዛ፣ ምንም ብሎን አትፍታ። መጀመሪያ ይህን አድርግ።

ፋኑ በደንብ ሲጮህ መዳፍህን ሞቃት አየር በሚወጣበት በኩል አስጠጋ። በጎን ወይም በኋላ ያለው ቀዳዳ ማለቴ ነው። ሦስት ነገር ሊሰማህ ይችላል።

ነፋሱ ጠንካራና ትኩስ ከሆነ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው። ችግሩ ፕሮሰሰሩ ብዙ ሙቀት ማምረቱ ነው። መፍትሔው ሶፍትዌር ላይ ነው።

ድምፁ ከፍ ያለ፣ ነፋሱ ግን ደካማ ከሆነ አየሩ መውጫ አጥቷል። አቧራ ነው።

ነፋሱ ጠንካራ ሆኖ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ደግሞ 95 ዲግሪ እያለ ካሳየህ፣ ሙቀቱ ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው መዳብ እያለፈ አይደለም። ያኔ ፔስቱን እንጠረጥራለን።

ብዙ ሰው ድምፅ ሲሰማ በቀጥታ «ፔስት ቀይሩልኝ» ብሎ ይመጣል። ከፍቼ ሳየው ፔስቱ ደህና ይሆናል። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የተጠቀለለውን አቧራ ማውጣት ብቻ ይበቃው ነበር።

ዲግሪውን ለማየት ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርድ። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ስንት፣ ስትጽፍ ስንት፣ ጌም ላይ ስንት እንደሚል ጻፍልን። የስክሪንህ ኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀያይር፣ ስንት እንደሆነም ንገረን።

ማታ_ማታ
አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ለካሁ።

ዝም ብሎ ሲቀመጥ 47 ገደማ። ስጽፍ 50 አካባቢ ቆይቶ በድንገት 78 ይገባል፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ይመለሳል። ፋኑ የሚነሳው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ጌም ላይ ፕሮሰሰሩ 96፣ ግራፊክሱ 86። ስክሪኔ 60 ኸርዝ ነው፣ ጌሙ ግን በሰከንድ 140 ፍሬም (ምስል) ያሳያል።

መዳፌን አስጠግቼ ነበር። ጌም ላይ ድምፁ ያን ያህል እየጮኸ ነፋሱ እንደ ሰው ትንፋሽ ነው።

ጉልበት_በልክ
ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። እኔ የመጀመሪያውን ችግርህን ልያዝ፣ የጌሙን ሌሎች ይመልሱልሃል።

በአንድ ሰከንድ ከ50 ወደ 78 መዝለል የአቧራ ጠባይ አይደለም። ይሄ ተርቦ ቡስት ነው። ፕሮሰሰሩ ትንሽ ሥራ በመጣ ቁጥር ቶሎ ለመጨረስ ፍጥነቱን ወደ ጣሪያው ይሰቅላል። አንድ ገጽ ከፈትክ፣ ሽቅብ። ፋይል ሴቭ አደረግህ፣ ሽቅብ።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ቺፕ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ፍጥነት ለመጨመር ቮልቴጅም መጨመር አለበት። ለምሳሌ ከ3.0 ወደ 4.2 ጊጋኸርዝ ሲወጣ ቮልቴጁ ከ0.9 ወደ 1.2 ከፍ ቢል፣ ፍጥነቱ በ40 በመቶ ሲያድግ የሚበላው ኃይል ግን ወደ 2 ከግማሽ እጥፍ ይደርሳል። ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትርፉ አይታየኝም።

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል ግባ። ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የምትጠቀምበትን ፕላን ቀይር፣ ከዚያ አድቫንስድ። ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት ሥር ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚል አለ። 100 ይላል። 99 አድርገው። አንዷ በመቶ ብቻ ትመስላለች፣ ግን ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቡስቱን ታጠፋለች። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ምርጫ ተደብቋል። ካጣኸው ሴቲንግ ውስጥ ፓወር ሞድ የሚለውን ኃይል ቆጣቢው ላይ አድርግ።

ኮድ_ጸሐፊዋ
የ99ኙን ነገር በከፊል ነው የምስማማው። እኔ ቀኑን ሙሉ ኮድ ኮምፓይል አደርጋለሁ (የጻፍኩትን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም እቀይራለሁ)። ቡስቱን ሳጠፋው የ2 ደቂቃ ሥራ ከ3 ደቂቃ በላይ ሆነብኝ። ለእኔ አይሆንም። ለሚጽፍና ለሚያነብ ሰው ግን ልዩነቱ አይታወቅም፣ እውነት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ፕሮሰሰሩን በየሁለት ደቂቃው የሚቀሰቅሰው ማን እንደሆነ እንወቅ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫን፣ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (ፕሮሰሰር) የሚለው ላይ ክሊክ ስታደርግ ብዙ የሚበላው ከላይ ይሰለፋል። ክፍት አድርገህ ሥራህን ቀጥል። ፋኑ ሲነሳ ቀና ብለህ ማን ከላይ እንዳለ እይ። ዘግይተህ ዞር ብትል ዋጋ የለውም፣ ሌባው ሄዷል።

እኔ ጋ አንድ ተረስቶ የቀረ ታብ ነበር። ከጎኑ የሚንቀሳቀስ ማስታወቂያ አለው። ሳላየው ለሳምንታት ፕሮሰሰሬን ሲያስሮጥ ኖሯል። ብራውዘሩ የራሱ ታስክ ማኔጀር አለው፣ ክሮም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕ ነው። የትኛው ታብና የትኛው ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) እንደሚበላ ለይቶ ያሳይሃል።

ሌላው፣ ብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን የሚለው መብራቱን አረጋግጥ። ከጠፋ ቪዲዮ የመፍታቱ ሥራ ግራፊክሱን ትቶ ሙሉ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ፋን የሚያስጮኽ ቪዲዮ ያላችሁ ሁሉ እዚያ እዩ።

ጋሽ_መምህር
ልጆች፣ እኔም በዚሁ ልጠይቃችሁ። ጌም አልጫወትም። ትምህርት በድምፅ እቀዳለሁ። ቀረጻው ውስጥ የፋን ድምፅ እየገባ አስቸግሮኛል። ላፕቶፑን የማስቀምጠው ሶፋ ላይ ነው፣ ከሥሩ ትራስ አለ። ሙቀቱ 95 ደረሰ ሲባል ደግሞ እፈራለሁ። አይቃጠልም?

ብሎን_ፈቺ
ጋሼ፣ ትራሱን ዛሬውኑ ያንሱት። የአብዛኛው ላፕቶፕ አየር መግቢያ ከሥር ነው። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ ጭን፣ ሁሉም አፉን ይዘጉታል። ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፣ ኋላውን በሁለት ወፍራም መጽሐፍ ከፍ ያድርጉት። ቀዳዳው ላይ ሳይሆን ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያሳርፉት። ማይኩን ደግሞ ከላፕቶፑ ራቅ አድርገው፣ አየሩ በሚወጣበት በኩል ሳይሆን በሌላው በኩል ያስቀምጡ። ለቀረጻ ጊዜ 99 ማድረጉ ለእርስዎ በትክክል ይሠራል።

ስለ መቃጠሉ አይስጉ። ፕሮሰሰሩ ራሱን ይጠብቃል። ብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወሰናቸው 100 ዲግሪ ነው፣ የኤኤምዲዎቹም በዚያው አካባቢ ናቸው። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያም ካልበቃው ይጠፋል። የማታ_ማታ ጌም የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን እያዳነ ነው።

እኔ በሙቀት የማዝንለት ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ሙሉ ቻርጅ ሆኖ፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ጌም እየተጫወቱበት ወራት ሲቆይ አቅሙ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ ካለው ማብራት ጥሩ ነው። ተችፓዱ (ማውዙን በጣት የሚያንቀሳቅሱበት ሰሌዳ) ከፍ ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ግን ባትሪው አብጧል ማለት ስለሚሆን ወዲያው መጠቀም ያቁሙ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ጋሽ_መምህር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ትራሱ ተነስቷል።

ፍሬም_ቆጣሪ
የጌሙን ነገር እኔ ልያዘው። ስክሪንህ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ነው የሚቀያየረው። ጌሙ 140 ምስል እየሠራ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ዓይንህ ሙሉ ሆኖ አያየውም። ግን ለእያንዳንዱ ምስል ኃይል ተበልቷል፣ ሙቀት ወጥቷል።

ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ፍሬም ሊሚት ካለ 60 አድርገው። ከሌለው በግራፊክስ ካርዱ ፕሮግራም በኩል ለሁሉም ጌም መወሰን ይቻላል። ቪሲንክ የሚባለው፣ ጌሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለው ምርጫም ያው ሥራ ይሠራል፣ ግን ማውዙ ትንሽ የዘገየ ስለሚመስል እኔ ሊሚቱን እመርጣለሁ።

ፉክክር ያለባቸው የተኩስ ጌሞችን የሚጫወቱ ሰዎች ፍሬም በበዛ ቁጥር ምላሹ ይፈጥናል ይላሉ፣ ልክ ናቸው። እነሱ ድምፁን ችለው ይጫወቱ። አንተ ግን ማታ ማታ ዘና ለማለት ከሆነ የምትጫወተው 60 ይበቃሃል።

የጌሙን ሜኑም ተመልከት። ብዙ ጌም ሜኑ ላይ ምንም ገደብ ስለሌለው 300 ምናምን ፍሬም ይሠራል። ሰው ሻይ ሊያፈላ ሲነሳ ሜኑ ላይ ትቶት ይሄዳል፣ ላፕቶፑ ባዶ ቤት ውስጥ ይጮኻል።

ነፋሻ
ከሥር ፋን ያለው ማስቀመጫ አለኝ። 3 ወይም 4 ዲግሪ ቀንሶልኛል። ግን እውነቱን ለመናገር ኋላውን በመጽሐፍ ከፍ ሳደርገውም ለዚያ የቀረበ ነገር ነው ያገኘሁት። ድምፅ ለመቀነስ ብለህ ሌላ ፋን መጨመርም ይሆናል። መጨረሻ ላይ የምታየው ነገር ይሁን።

ሌላ ማንም የማያነሳው ነገር፣ ከፍታ። የምትኖሩበት ቦታ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 22 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፣ የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ስለዚህ ቆላ ካለ ሰው ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ዲግሪ ከራሳችሁ ጋር ስታወዳድሩ ይህን አስቡ። ደጋ ላይ ክፍሉ ቀዝቀዝ ማለቱ ደግሞ ይህን በከፊል ይክሳል። የክፍሉ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲወርድ ቺፑም በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል።

ማታ_ማታ
ሁሉንም አንድ በአንድ ሞከርኩ።

ታስክ ማኔጀሩን ከፍቼ ጠበቅሁ። የእኔው ሌባ የማልጠቀምበት ኤክስቴንሽን ሆኖ ተገኘ። አጠፋሁት። ቡስቱንም 99 አደረግሁ። ስጽፍ አሁን ከ58 አያልፍም። ፋኑ አይነሳም ማለት ይቻላል። ትናንት ሦስት ሰዓት ያህል ጻፍኩ፣ ዝምታው ራሱ አስገረመኝ።

ጌሙን 60 ላይ ገደብኩት። ግራፊክሱ ከ86 ወደ 74 ወረደ፣ ፕሮሰሰሩ ከ96 ወደ 88። መንቀራፈፉ ቀርቷል። ግን ድምፁ አሁንም አለ፣ ነፋሱም ያው ደካማ ነው። የኤሌክትሪክ መጥረጊያ (ቫክዩም) ባስጠጋበት አቧራው ይወጣል?

ብሎን_ፈቺ
ወንድሜ፣ በመጥረጊያ አታድርገው። ሁለት ምክንያት አለ። የመጥረጊያው አፍ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ ቦርዱ ላይ ሊያራግፈው ይችላል። ፋኑንም ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ መሽከርከሪያውን ይጎዳዋል። በውጭ በኩል በቆርቆሮ በታሸገ አየር መንፋትም የሚሆነው ሌላውን አቧራ ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

አቧራው ያለው ፋኑና ቀጫጭን የመዳብ ክንፎቹ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ከውጭ በባትሪ መብራት ብታይ አይታይህም። እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ መከፈት አለበት። ዋስትና ላይ ከሆነ ግን መክፈት ዋስትናውን ይነካ እንደሆነ አስቀድመህ አንብብ።

አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል። የሥር ክዳኑን ብሎኖች ፍታ። ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል የእያንዳንዱን ቦታ ወረቀት ላይ ሥለህ እዚያው ላይ ሰካው። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ ቦርድ የበሳ ሰው አይቻለሁ። ክዳኑን በፕላስቲክ ነገር አላቅቅ፣ ቢላ አታስገባ። እንደተከፈተ መጀመሪያ የምትነቅለው የባትሪውን ሶኬት ነው። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫን፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ።

ፋኑን በጣትህ ወይም በእንጨት ያዝና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳ። የታሸገ አየር ካለህ ቆርቆሮውን ቀጥ አድርገህ በአጭር በአጭሩ ንፋ። ፋኑ እንዳይዞር ያዘው ያልኩት አየሩ ሲያሽከረክረው ራሱ እንደ ጀነሬተር ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ነው። የተነጠፈውን አቧራ በመቆንጠጫ ሙሉውን ማንሳት ትችላለህ።

እዚህ ድረስ ማንም ጥንቁቅ ሰው ይሠራዋል። ዘግተህ ለካ። ነፋሱ ጠንክሮ ፕሮሰሰሩ አሁንም 85 ምናምን ካለ ነው ፔስት የምናስበው።

ማታ_ማታ
ከፈትኩት። እንዳልከው ነው። ክንፎቹ ላይ የተነጠፈው አቧራ በአንድ ቁራጭ ተነስቶ ወጣ። ሁለት ፋን አለው፣ ሁለቱም ጋ ያው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ውስጥ ነው ለካ አየር ሲያልፍ የነበረው።

አሁን ጌም ላይ ፕሮሰሰሩ 81፣ ግራፊክሱ 69። መዳፌን ሳስጠጋ ነፋሱ ትኩስና ጠንካራ ነው። ፔስቱን ልቀይር ወይስ ልተወው?

ብሎን_ፈቺ
በ81 እኔ አልነካውም። ግን ሌሎችም ስለሚያነቡት ስለ ፔስት ትንሽ ልበል።

ላፕቶፕ ላይ ቺፑ ክዳን የለውም፣ ባዶውን ነው መዳቡን የሚነካው። ፔስቱ በመሃላቸው ያለችውን ስስ ክፍተት ይሞላል። ቺፑ ሲግልና ሲቀዘቅዝ፣ ሲግልና ሲቀዘቅዝ፣ ቀጠን ያለ ፔስት እየተገፋ ወደ ጠርዝ ይወጣል። ለዚህ ነው ዴስክቶፕ ላይ ዓመታት የሚቆይ ፔስት ላፕቶፕ ላይ በወራት የሚደክመው። ወፍራሙን ምረጡ። ከዚያ የተሻለው ሲሞቅ የሚለሰልስ ስስ ወረቀት መሰል ነው፣ የሃኒዌል ፒቲኤም 7950 የሚባለው። እሱ አይገፋም። እኔ አሁን ለጌም ላፕቶፕ ሁሉ እሱን ነው የማደርገው።

የመዳቡን ብሎኖች ስትፈቱ አጠገባቸው 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አለ። ስታስሩ በዚያ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያዞራችሁ። ስትፈቱ ከኋላ ወደፊት። አሮጌውን ፔስት ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት። ሚሞሪዎቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች በፔስት አትተኩ፣ ውፍረታቸው ታስቦ ነው የተቀመጠው። ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ደግሞ ለጀማሪ አልመክርም። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም ይበላል። አንዲት ጠብታ ቦርዱን ትገድላለች።

አዲስ_ገቢ
ሙቀት ለመቀነስ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ መቀነስ የሚባለውስ? እኔ ጋ ፕሮግራሙ ይከፈታል ግን ምንም አይቀይርም።

ጉልበት_በልክ
ኢንቴል ከሆነ ተቆልፎብህ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ፕላንደርቮልት የተባለ የደህንነት ክፍተት ይፋ ሆነ። ቮልቴጁን በሶፍትዌር በመነካካት ፕሮሰሰሩ የሚጠብቀውን ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል ታየ። ከዚያ በኋላ በባዮስ (ላፕቶፑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) አፕዴት ብዙ ላፕቶፖች ላይ ተዘጋ። ለዚህ ብለህ ወደ አሮጌ ባዮስ አትመለስ። የግራፊክስ ካርዱን ቮልቴጅ ግን ብዙ ጊዜ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም መቀነስ ይቻላል፣ ጌም ላይ ጥቅሙም እዚያ ይበልጣል።

ኮድ_ጸሐፊዋ
ድምፅ ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ካለ፣ ፋን የሌላቸው ላፕቶፖችም አሉ። በፈረንጆቹ 2020 የወጣው ኤም1 ማክቡክ ኤር አንዱ ነው። ሲግል የሚጮኽ ነገር የለውም፣ ፍጥነቱን ነው የሚቀንሰው። ለረጅም ጌም ግን አይሆንም።

ማታ_ማታ
አንድ ነገር ቀረ። ካጸዳሁት በኋላ ሌላው ድምፅ ሲጠፋ ከግራ በኩል አንድ ድምፅ ጎልቶ ወጣ። የነፋስ አይደለም። ክርክርክር የሚል፣ ፋኑ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚብስ። ላፕቶፑን ዘንበል ሳደርገው ይለወጣል። አጽድቼ ስዘጋ የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆን?

ብሎን_ፈቺ
አላበላሸህም። ድሮም ነበረ፣ የነፋሱ ድምፅ ሸፍኖት ነው። ስታዘነብለው መለወጡ መሽከርከሪያው መላላቱን ያሳያል። ዘይት ጠብ ማድረግ ለጥቂት ሳምንት ዝም ያሰኘዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ፋኑን ቀይረው። ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አንድ የሆነውን ፈልግ። የግራና የቀኙ ስለሚለያይ በመልክ ብቻ አትግዛ።

ቀጭን ሲይይይ የሚል፣ ፋኑ ቆሞም የሚሰማ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልህ ነበር። እሱ ቦርዱ ላይ ካሉት የሽቦ ጥምጥሞች (ኮይሎች) ነው የሚመጣው፣ ጉዳት የለውም። ፍሬም ስትገድብ ብዙ ጊዜ እሱም ይቀንሳል።

ማታ_ማታ
የግራውን ፋን ቀየርኩ። ሁለት ብሎንና አንድ ሶኬት ብቻ ነበር። ክርክር የሚለው ድምፅ የለም። ጌም ላይ ፕሮሰሰሩ 79፣ ግራፊክሱ 68 ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም እዚያው ነው። ድምፁ አለ፣ ግን ኢርፎን ሳደርግ አይሰማኝም። ስጽፍ 99፣ ጌም ስከፍት 100 እንዲሆን ሁለት ፕላን ሠርቻለሁ። ማስቀመጫውን አልገዛሁም።

ብሎን_ፈቺ፣ እጅህ ይባረክ። ሁላችሁም። ጋሼ፣ የእርስዎስ ቀረጻ እንዴት ሆነ?

ጋሽ_መምህር
ትናንት 40 ደቂቃ ቀዳሁ። መጨረሻ ላይ የመስኮቱ ወፍ ትሰማለች። ፋኑ አይሰማም።